ባዶ ወንበር የማን ወጪ ነው? በጎንደር የአንድ የግል ክሊኒክ የዋጋ አወጣጥ የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

ይህ ጽሑፍ በጎንደር ከተማ የሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ በ2017 ዓ.ም. የአገልግሎት ዋጋውን በወጪ ላይ ተመሥርቶ ሲከልስ የገጠመውን ችግር፣ የወሰዳቸውን እርምጃዎችና ያገኘውን ውጤት ይመዘግባል። ጸሐፊው ሒሳቡን እንዲመረምር በባለቤቶቹ የተጠራ የሒሳብ ባለሙያ ነው። የክሊኒኩም ሆነ የተፎካካሪዎቹ ስምና ሰፈር አልተጠቀሰም። የብርና የታካሚ መጠኖቹም ተለውጠው ክብ ቁጥር እንዲሆኑ ተደርጓል፤ በመካከላቸው ያለው ምጣኔ ግን የክሊኒኩን ሁኔታ እንዲመስል ተጠብቋል። ጉዳዩ መመዝገብ የሚገባው ክሊኒኩ ከሌሎች የተለየ ስለሆነ አይደለም። ብዙ የግል ጤና ተቋማት የሚከተሉት ስሌት፣ ማለትም የወሩን ወጪ ደምሮ በታካሚ ቁጥር ማካፈልና ትርፍ መጨመር፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚያስከትል በጉልህ ስለሚያሳይ ነው።

ክሊኒኩና ገበያው

ክሊኒኩን ያቋቋሙት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሐኪም፣ አንዷ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ሦስተኛው ገንዘብ ያዋጡ ዘመድ። በኪራይ ቤት ምድርና አንደኛ ፎቅ ላይ ይሠራል። አልትራሳውንድ፣ የሲቢሲ (የደም ሴሎችን የሚቆጥር) እና የኬሚስትሪ (በደም ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮችን የሚለካ) ማሽኖች እንዲሁም ከሁለት ዓመት በፊት የተገዛ የሆርሞን መመርመሪያ አለው። ከሰዓት በኋላና ማታ ስፔሻሊስቶች በትርፍ ሰዓታቸው እየመጡ ያክማሉ።

የጎንደር የሕክምና ገበያ ከነዋሪዋ ቁጥር በላይ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ከተመሠረተው የጤና ኮሌጅ ተነሥቶ ያደገው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከደምቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከመተማና ከሌሎችም አካባቢዎች ታካሚ ይስባል፤ ከተማዋ ውስጥ ያሉት የግል ክሊኒኮችም በዚሁ ፍሰት ይኖራሉ። ፍሰቱ ግን ወጥ አይደለም። ሰብል ተሰብስቦ ገንዘብ በገበሬው እጅ በሚገባባቸው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ወረፋ ይበዛል፣ በክረምት ይሳሳል፤ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ የገጠሩ ታካሚ ጨርሶ ይቀራል።

ተፎካካሪዎቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን የመንግሥት ጤና ተቋማት ናቸው። የሠራተኛ ደመወዛቸውና ሕንፃቸው በመንግሥት በጀት የሚሸፈን በመሆኑ፣ ከታካሚ የሚጠይቁት ክፍያ ሙሉ ወጪውን የሚመልስ አይደለም። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን የታቀፈው ታካሚም በዋናነት ወደ እነርሱ ይሄዳል። ሁለተኛው ወገን አጠገብ ለአጠገብ የተደረደሩት የግል ክሊኒኮች ናቸው፤ የእነርሱ ወጪ ከዚህ ክሊኒክ ወጪ ብዙም አይለይም። የክሊኒኩ ባለቤቶች ሁለቱን ወገኖች በአንድ ዓይን ያዩ ነበር፤ ለስሕተቱ አንዱ በር የሆነውም ይህ ነው።

ችግሩ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገቡ የላብራቶሪ ግብዓቶች ዋጋ አሻቀበ። አከራዩም ኪራይ ጨመሩ፤ ሠራተኞችም የደመወዝ ጭማሪ ጠየቁ። ባለቤቶቹ አዲሱን ወጪ ደምረው በለመዱት የታካሚ ቁጥር አካፈሉት። ቋሚው የወር ወጪ 300,000 ብር፣ የወሩ ታካሚ 1,500፣ ለአንድ ታካሚ የሚወጣው ተለዋዋጭ ወጪ 150 ብር ነበር። ቋሚው ወጪ ለአንድ ሰው 200 ብር ስለሚደርስ ሙሉ ወጪው 350 ብር ሆነ፤ 20 በመቶ ትርፍ ሲጨመርበት የአንድ ታካሚ አማካይ ክፍያ 420 ብር ደረሰ።

ታካሚው ግን 1,500 ሆኖ አልቀጠለም። የሰው የመግዛት አቅም ተዳክሞ፣ መንገዱም አስተማማኝ ሳይሆን ቀርቶ ወደ 1,000 ወረደ። በ420 ብር ሒሳብ ክሊኒኩ በወር 30,000 ብር መክሰር ጀመረ። በሚቀጥለው ክለሳ ያው ስሌት ተደገመ፤ 300,000 ለ1,000 ሲካፈል 300 ሆነ፣ ሙሉ ወጪው 450፣ ዋጋው 540 ብር። ከዚህ በኋላ ታካሚው ወደ 700 ወረደ። ኪሳራው ከ30,000 ወደ 27,000 ብር ከመቀነሱ በቀር ነገሩ አልተሻሻለም፤ በአንጻሩ በወር 300 ታካሚ ወደ ጎረቤት ክሊኒክ ሄዷል። ጸሐፊው የተጠራው ባለቤቶቹ ሦስተኛውን ስሌት ሠርተው ወደ 695 ብር የሚጠጋ ዋጋ ባገኙበትና ሐኪሙ «ይህን ከለጠፍን በሩን መዝጋት ይቀላል» ባሉበት ጊዜ ነበር።

ወጪው እንዴት እንደገና ተቆጠረ

ሥራው የተጀመረው ወጪን ሁሉ በሁለት ዓምድ በመለየት ነው። በአንደኛው ዓምድ ታካሚው ይዞት የሚመጣው ወጪ ተጻፈ፤ ጓንት፣ መርፌ፣ የደም መቅጃ ቱቦ፣ ለእያንዳንዱ ምርመራ የሚያልቀው ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል)፣ የአልትራሳውንድ ጄልና ወረቀት፣ ለስፔሻሊስቱ በታካሚ የሚከፈለው ድርሻ። በሁለተኛው ታካሚ ቢመጣም ባይመጣም የሚወጣው ገባ፤ ኪራይ፣ ቋሚ ደመወዝ፣ ጥበቃ፣ የፈቃድ እድሳት፣ የማሽኖች የእርጅና ቅናሽ፣ የጄኔሬተር ጥገና።

ክርክሩ የተነሣው ላብራቶሪው ላይ ነው። ባለቤቶቹ ሪኤጀንትን በሙሉ በመጀመሪያው ዓምድ መዝግበውት ነበር፤ ነገሩ ምርመራ በተሠራ ቁጥር የሚያልቅ ስለሚመስል ሐሳቡ የሚጠበቅ ነው። የላብራቶሪውን የጠዋት ሥራ ተቀምጦ ያየ ግን ሌላ ነገር ይረዳል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባለሙያዋ የሲቢሲ ማሽኑን ስታበራ፣ ማሽኑ አንድም ታካሚ ሳይመጣ ራሱን ያጥባል፣ ማቅጠኛና ማሟሟያ ፈሳሹን ይስባል፣ ያለ ደም ባዶውን ያነባል። ከማቀዝቀዣ የወጣው የኮንትሮል ደም (ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ፣ ማሽኑ በትክክል ማንበቡ የሚፈተሽበት) በእጅ ቀስ እየተባለ ይገላበጣል፣ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝም ይጠበቃል፤ ከዚያ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ የሚባሉት ሦስቱ በተራ ይነበባሉ፣ ከወሰን የወጣ ካለ ይደገማል። ማታ ሲጠፋ እንደገና ይታጠባል። በመሐል መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ ሳይደርስለት ከጠፋ፣ እጥበቱና ባዶ ንባቡ ከመጀመሪያው ይጀመራል። የተከፈተ የኮንትሮል ብልቃጥም ደም ቢነበብበትም ባይነበብበትም ቀኑ ሲያልፍ ይጣላል። ስለዚህ ሦስት ሰው የተመረመረበት ቀንና ሠላሳ ሰው የተመረመረበት ቀን ለማሽኑ ዝግጅት የሚያወጡት ወጪ ተቀራራቢ ነው። ከሪኤጀንቱ ቀላል የማይባለው ክፍል ወደ ሁለተኛው ዓምድ ተሻገረ።

በሆርሞን ማሽኑ ይህ ይበልጥ ጎልቶ ታየ። ለታይሮይድ ምርመራ የሚመጣው ሰው በሳምንት በጣት የሚቆጠር ሲሆን፣ የሚከፈተው ሪኤጀንት ግን ለብዙ ሰው የሚበቃ ነው፤ የማሽኑ ማስተካከያና ኮንትሮልም አይቀርም። በመዝገቡ ላይ የአንዱ ምርመራ ወጪ ትንሽ ይመስላል፤ የተጣለው ሪኤጀንት ሲደመርበት ግን ጎረቤት ያለው ትልቁ ላብራቶሪ ለራሱ ታካሚ ከሚያስከፍለው ዋጋ ይበልጥ ነበር።

ከዚህም ሌላ ጨርሶ ያልተቆጠሩ ወጪዎች ተገኙ። ሐኪሙና የላብራቶሪ ባለሙያዋ ባለቤቶች በመሆናቸው ለሥራቸው ደመወዝ አልተያዘላቸውም፤ ወጪው ከመዝገብ ቢቀርም ሁለቱም ሌላ ቦታ ተቀጥረው የሚያገኙት ገንዘብ ቀርቶባቸዋል። የማሽኖቹ የእርጅና ቅናሽ የሚሰላው በተገዙበት የቀድሞ ዋጋ ነው፤ ዛሬ አንዱ ቢሰበር በዚያ ገንዘብ ሌላ አይገዛም። የሕክምና አገልግሎት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ በመሆኑም ክሊኒኩ ዕቃ ሲገዛ የከፈለውን ታክስ አቀናንሶ የሚያስመልስበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ ታክሱ የዕቃው ወጪ አካል ሆኖ መመዝገብ ነበረበት። ከላይ በባለቤቶቹ ስሌት ውስጥ የቀረበው የ300,000 ብር ቋሚ ወጪም፣ ለንጽጽር እንዲመች፣ እነዚህን ማስተካከያዎች ይዞ እንደገና የተሠራው ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ይህ ወጪ በስንት ይካፈል የሚለው ነበር። ባለቤቶቹ በመጣው ታካሚ ሲያካፍሉት ኖረዋል። ጸሐፊው ያቀረበው ሐሳብ ክሊኒኩ በተለመደ ወር ሊያስተናግድ በሚችለው ቁጥር ማለትም በ1,500 ይካፈል፤ ቀሪው ያልተሠራበት አቅም ተብሎ ለብቻው ይመዝገብ የሚል ነው። በዚህ አቆጣጠር 700ው ታካሚ የተጠቀመበት ቋሚ ወጪ 140,000 ብር ብቻ ሲሆን፣ 160,000 ብሩ የባዶ ክፍልና የባዶ ማሽን ወጪ ሆኖ ወጣ። ሚኒባስ ሳይሞላ ቢነሣ ረዳቱ የባዶውን ወንበር ሒሳብ ከተቀመጡት ላይ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅ እነርሱም ወርደው ከኋላ ባለው ይሳፈራሉ። ክሊኒኩ ሁለት ጊዜ የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

ዘመዱ ባለ ገንዘብ እዚህ ላይ «160,000 ብሩስ በማን ኪስ ሊገባ ነው? ብናስከፍለውም ባናስከፍለውም እኮ ይወጣል» ሲሉ ተቃወሙ። ተቃውሟቸው ተገቢ ነው፤ ለብቻው መመዝገቡ ወጪውን አያጠፋውም። የሚለውጠው ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ነው። በታካሚው ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ሲኖር ማንም አይጠይቀውም፤ ለብቻው ሲጻፍ ግን ባለቤቶቹ በየወሩ የሚያዩትና ሊቀንሱት የሚገባ ቁጥር ይሆናል።

የካርድ ዋጋና ጠቅላላ ዋጋ

ምርመራው ያወጣው ሌላው ነገር የዋጋው አደራደር ነው። ካርድ ከወጪው በታች፣ ላብራቶሪ ደግሞ ከወጪው እጅግ በላይ ይከፈልበት ነበር። ምክንያቱ ውድድሩ ነው። ታካሚ ከክሊኒክ ክሊኒክ ሲያወዳድር የሚጠይቀው የካርድ ዋጋ ስለሆነ ሁሉም ካርድ ላይ ይረክሳሉ፤ የጎደለውን ከምርመራ ያሟላሉ። ውጤቱም ሐኪሙ ታካሚውን አነጋግሮ፣ ዳስሶና መክሮ ብቻ ቢሸኘው ክሊኒኩ ይከስራል፤ አራት ምርመራ ካዘዘለት ያተርፋል። ይህ ለሕክምናው ጥራት አደገኛ ዝንባሌ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከጭልጋ የመጡ አዛውንት በካርድ መስኮቱ ቆመው ያደረጉት ንግግር ለባለቤቶቹ ከሰንጠረዡ ይልቅ ነገሩን ግልጽ አድርጎላቸዋል። ካርድ ስንት እንደሆነ ጠየቁ፤ ተነገራቸው። ቀጥለውም «ልጄ፣ ካርዱንስ ሰማሁ፤ ጠቅላላው ስንት ይፈጃል?» አሉ። ልጅቷ «አባቴ፣ ሐኪሙ ሳያዩዎት አይታወቅም» አለቻቸው። አዛውንቱ «እኔም እኮ የያዝኩትን ሳላውቅ አልገባም» ብለው ወጡ። የገጠሩ ታካሚ የትራንስፖርቱንና የማደሪያውን ቆጥሮ የመጣ ነው፤ የሚያስፈራው ካርዱ ሳይሆን ከካርዱ በኋላ የሚከተለው ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በመጀመሪያ ባዶውን አቅም መቀነስ ተጀመረ። የሆርሞን ማሽኑ ሥራ አቆመ፤ ናሙና ትልቁ ላብራቶሪ ዘንድ በውል እየተላከ እንዲመረመር ተደረገ። ያ ላብራቶሪ በበኩሉ አልትራሳውንድ ስለሌለው ፈላጊ ሲመጣበት ወደዚህ ይልካል፤ በየትኛውም ወገን የመላኪያ ኮሚሽን አይከፈልም። ብዙ ሰው የማይመጣበት የሌሊት ተረኛ ቀረ። የጤና ተቋማት መስፈርት ለክሊኒኩ ደረጃ የሚያስፈልገውን የክፍልና የባለሙያ ቁጥር ስለሚወስን፣ ባለቤቶቹ እንደ ተመኙት ፎቁን በሙሉ መልቀቅ አልተቻለም፤ ከመስፈርቱ በላይ የነበሩት ክፍሎች ብቻ ለአከራዩ ተመለሱ። በእነዚህ እርምጃዎች ቋሚው ወጪ ከ300,000 ወደ 240,000 ብር ወረደ።

ከዚያ አማካይ ዋጋው ወደ 420 ብር ተመለሰ፤ አደራደሩም ተለወጠ። ካርድና የሐኪም ምክር የራሳቸውን ወጪ እንዲችሉ ከፍ አሉ፣ የላብራቶሪ ዋጋ ዝቅ አለ። በብዛት ለሚመጡት ጉዳዮች ማለትም ለስኳርና ለደም ግፊት ክትትል፣ ለጨጓራ ሕመምና ለእርግዝና አልትራሳውንድ ጠቅላላ ዋጋ ወጥቶ በመስኮቱ ላይ በትልቅ ጽሑፍ ተለጠፈ። ከዚያ ውጭ ተጨማሪ ምርመራ ካስፈለገ ሐኪሙ ለታካሚው ምክንያቱንና ዋጋውን ሳይነግር እንዳያዝ ተወሰነ።

በዚሁ ጊዜ ከአንድ የጎረቤት ክሊኒክ ባለቤት «ለምን እንጎዳዳለን? ተሰብስበን አንድ ዋጋ እንወስን» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተወዳዳሪዎች በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ዋጋ እንዲወስኑ አይፈቅድም። ናሙና መላላክና አገልግሎት መገዛዛት የተለየ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ለታካሚው የሚያስከፍለውን የሚወስነው ለብቻው ነው።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁለት ሩብ ዓመት በኋላ የወሩ ታካሚ ከ700 ወደ 950 ገደማ ተመለሰ። በ420 ብር ዋጋ ከእያንዳንዱ ታካሚ 270 ብር ለቋሚ ወጪ ስለሚተርፍ፣ 240,000 ብሩን ለመሸፈን 889 ታካሚ ይበቃል፤ በቀድሞው 300,000 ብር ግን 1,112 ያስፈልግ ነበር። ክሊኒኩ ከኪሳራ ወጥቶ በወር ወደ 16,500 ብር ትርፍ ገባ። ትልቅ ትርፍ አይደለም፤ 1,500ው ታካሚም አልተመለሰም። ጠቅላላ ዋጋ የተለጠፈላቸው አገልግሎቶች በተለይ ለክትትል በሚመጡት ዘንድ ጥሩ ተቀባይነት አግኝተዋል።

ያልሠሩትም ጥቂት አይደሉም። ካርድ ብቻ ጠይቀው የሚወስኑ ታካሚዎች የካርዱን መጨመር አይተው ወደ ጎረቤት ሄደዋል፤ አንድ ተፎካካሪም አጋጣሚውን ተጠቅሞ የራሱን ካርድ ይበልጥ አርክሷል። ክሊኒኩ ታካሚ ለሚያመጡ ደላሎች ኮሚሽን ላለመክፈል መወሰኑ ከአውቶቡስ ተራ በደላላ ይመጣ የነበረውን ታካሚ አስቀርቷል፤ እርሱም እስካሁን አልተመለሰም። ባለቤቶቹ ይህን እያወቁ ገብተውበታል፤ ኮሚሽኑ መልሶ የሚጫነው በታካሚው ላይ ስለሆነ ውሳኔያቸው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። በጠዋት ለሚመጡ ሰዎች የተሞከረው ቅናሽ አዲስ ሰው ሳያመጣ ከሰዓት ይመጡ የነበሩትን ወደ ጠዋት ከማዛወር አላለፈም። ከአንድ ቀጣሪ ድርጅት ጋር የተገባው የሠራተኞች ሕክምና ውል ደግሞ ታካሚ ቢያመጣም ክፍያው ለወራት ስለሚዘገይ፣ ሪኤጀንት በጥሬ ገንዘብ ለሚገዛ ክሊኒክ ጫና ሆነ፤ ውሉ ሲያበቃ አልታደሰም።

ለሌሎች ተቋማት የሚተርፍ ትምህርት

የአንድ ታካሚ ወጪ እንደ ስኳር ዋጋ የተቆረጠ ቁጥር አይደለም፤ በምን ያህል ታካሚ እንደተካፈለ ሳይነገር ትርጉም የለውም። ዋጋ ሲወጣ መካፈል ያለበት በተለመደው አቅም ነው። በመጣው ሰው ካካፈሉት በቀዘቀዘ ወር ዋጋ ያስወድዳል፣ በሞላ ወር ደግሞ ያረክሳል፤ ገበያው የሚጠይቀው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። እንደ ጎንደር የታካሚ ፍሰቱ በመኸርና በክረምት በሚለያይበት ቦታ የአንድ ወር ሒሳብ ይዞ ዋጋ መከለስ አያዋጣም፤ ቢያንስ የዓመቱን ዑደት ማየት ያስፈልጋል።

ከመንግሥት ተቋም ጋር በዋጋ መወዳደር ትርፍ የለውም፤ እዚያ የሚከፈለው ዋጋ የወጪ ምልክት አይደለም። የግል ክሊኒክ የሚሸጠው ነገር የወረፋ ማጠር፣ የማታ ሰዓትና ቀድሞ የታወቀ ዋጋ ነው። በመንግሥት ተቋም ሪኤጀንት አልቆ ታካሚ በድንገት ሲበዛ ዋጋ መጨመር አጓጊ ነው፤ ይህ ክሊኒክ አላደረገውም፤ በዚያ ሰሞን ከመጡት መካከል ለክትትል የቀሩ አሉ።

ወጪን ተከትሎ መክፈል የሚለው አሠራር ከክሊኒክ አልፎ በመድኅን ደረጃም ይነሣል። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድኅን እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ እስከ 1983 ድረስ ለሆስፒታሎች ያወጡትን ተከትሎ ይከፍል ነበር፤ ያወጡትን ሁሉ የሚመልስላቸው ካለ ወጪ ለመቀነስ የሚገፋፋቸው ነገር ስላልነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 በሕመሙ ዓይነት አስቀድሞ ወደተወሰነ ክፍያ ተሸጋገረ። በእኛ አገር በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን እየሰፋ ሲሄድ የግል ክሊኒኮችም በውል የሚገቡበት ሰፊ በር ሊከፈት ይችላል። ያን ጊዜ የራሱን ወጪ በሁለት ዓምድ ለይቶ የማያውቅ ክሊኒክ የቀረበለት ታሪፍ ያዋጣው አያዋጣው ሊመልስ አይችልም። ከ150 ብር በላይ የሆነ ክፍያ ሁሉ ለቋሚው ወጪ የሚያዋጣው ነገር አለ፤ ከ310 ብር፣ ማለትም 240,000 ብሩ ለ1,500 ተካፍሎ 150 ብሩ ሲጨመርበት ከሚገኘው ሙሉ ወጪ በታች የሆነ ክፍያ ግን ከታካሚዎቹ ሁሉ ቢሰበሰብ ክሊኒኩን አያኖርም። የዚህ ክሊኒክ ባለቤቶች ለቀጣዩ የውል ድርድር ያዘጋጁት ወረቀት እነዚህን ሁለት ቁጥሮችና ከእነርሱ በታች አንድ ጥያቄ ይዟል፤ ክፍያው በስንት ቀን ውስጥ ይደርሳል?